መዓዛማ ዘይት በባክቴሪያና በፈንገስ ላይ እንዴት ይፈተሻል

መዓዛማ ዘይት ማለት ቅጠል፣ አበባ ወይም ፍሬ ሲታሽ የሚሸተው ተናኝ ክፍል ነው። እንደ ኑግና እንደ ሰሊጥ ዘይት ወረቀት ላይ የማይለቅ ቅባት አይተውም፤ ጥቂት ቆይቶ ይተናል። ይህ ዘይት በሽታ አምጪ ባክቴሪያንና ፈንገስን ይገታ እንደሆነ የሚፈተሽበት መንገድ ከዚህ በታች በምልልስ ቀርቧል። ጠያቂዋ በወልዲያ ዩኒቨርሲቲ መርሳ ግብርና ካምፓስ የምትማር ወጣት ስትሆን፣ መላሹ ዕድሜያቸውን በቤተ ሙከራ ያሳለፉ የሀብሩ ወረዳ አዛውንት ናቸው።

ወጣቷ፦ ጋሼ፣ በእኛ አካባቢ ለፍተሻ የሚመረጠው የትኛው ተክል ነው?

አዛውንቱ፦ ምርጫው ከጓሮ ይጀምራል ልጄ። በሀብሩ ቆላና ወይና ደጋ ጠጅ ሳር፣ በሶብላ፣ ዳማከሴ፣ ጤና አዳምና ቁንዶ በርበሬ ይገኛሉ። ነጭ አዝሙድ ከገበያ ይገዛል። ጦስኝ ግን የደጋ ተክል ነው፤ ከላስታና ከደላንታ ከፍታ ይወርዳል። ታይመስ ሽምፔሪና ታይመስ ሴሩላተስ የሚባሉት ሁለቱ የጦስኝ ዝርያዎች ከኢትዮጵያ በቀር የትም በተፈጥሮ አይበቅሉም። ኃይላቸው ያለው ታይሞልና ካርቫክሮል በሚባሉ ውህዶች ላይ ነው። ታይሞል በነጭ አዝሙድም ውስጥ አለ፤ ዛሬም በአፍ መጉመጥመጫ መድኃኒት ውስጥ ይገባል። የጠጅ ሳር ዘይት ደግሞ አብዛኛው ሲትራል ነው።

ወጣቷ፦ እናቴ ምች ሲነካን ዳማከሴ አሽታ ታሸተናለች፤ ጭማቂውንም ታጠጣናለች። ያ ማስረጃ አይሆንም?

አዛውንቱ፦ ፍንጭ ይሆናል፤ ፍንጭ ደግሞ ትልቅ ነገር ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሰዎች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ማየታቸው ቀንድ አውጣ ለሚያስተላልፈው ለቢልሃርዝያ ምርምር በር ከፍቷል። ከዚያ በኋላ ግን እንዶዱን በመጠን በመጠን ፈተሹት። አንድ ነገር ልብ በይ፤ የእናትሽ ጭማቂና የዳማከሴ ዘይት አንድ አይደሉም። በጭማቂው ውስጥ በውኃ የሚሟሟ ብዙ ነገር አለ፣ ዘይቱ ግን ተናኙን ብቻ ይይዛል። ዘይቱን ፈትሾ ስለ ጭማቂው መናገር ስህተት ነው፤ በብዙ የምረቃ ጽሑፎች ላይም የሚታይ ነው።

ወጣቷ፦ ዘይቱ እንዴት ነው የሚወጣው?

አዛውንቱ፦ አረቄ ሲወጣ ያየ ሰው አሠራሩ አይከብደውም። መጀመሪያ ቅጠሉ በጥላ ይደርቃል፤ የመርሳ ፀሐይ ላይ ከተሰጣ ዘይቱ በኖ ያልቃል። ከዚያ ተመዝኖ ከውኃ ጋር በመስታወት ብልቃጥ ይፈላል፤ እንፋሎቱ በቀዝቃዛ ቱቦ አልፎ ፈሳሽ ይሆናል። ክሌቬንጀር የሚባለው መሣሪያ ልክ የተሰመረበት ቀጭን ቱቦ አለው፤ በዚያ ውስጥ ውኃው ከታች ይቀራል፣ ዘይቱ ከላይ ቀጭን ቢጫ ቀለበት ሆኖ ይንሳፈፋል። ሦስት ሰዓት ያህል ከፈላ በኋላ መጠኑ በዓይን ይነበባል። ከ100 ግራም ደረቅ ጦስኝ 1 ሚሊ ሊትር አካባቢ ሊወጣ ይችላል። ዘይቱ የውኃ ርጥበት በሚመጥ ጨው ይደርቅና በጥቁር ጠርሙስ ተከድኖ በ4 ዲግሪ ይቀመጣል።

ወጣቷ፦ 1 ሚሊ ሊትር? ይህን ሁሉ ቅጠል ፈጅቶ?

አዛውንቱ፦ አዎ። ለዚህ ነው ጦስኝን ከነሥሩ እየነቀሉ ለዘይት መሸጥ የሚያሳስበው። የትም የሌለ ተክል ከተራራው ከጠፋ ከሌላ አገር አይመጣም። ለፍተሻ የሚሰበሰበው ጫፉ ብቻ ተቆርጦ መሆን አለበት፤ ናሙናውም ተጭኖ ደርቆ ስሙ እንዲረጋገጥ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ወዳለው ብሔራዊ ሄርባሪየም ይላካል።

ወጣቷ፦ እሺ፣ ዘይቱ ተገኘ። ከዚያስ?

አዛውንቱ፦ በመጀመሪያ የሚሠራው የወረቀት ክብ ፍተሻ ነው፤ አካሄዱ የተደነገገው እ.ኤ.አ. በ1966 ባወርና ኪርቢ ከባልደረቦቻቸው ጋር ባሳተሙት ጽሑፍ ነው። ሙለር ሂንተን የሚባለው አጋር፣ ማለትም ባክቴሪያ የሚበቅልበት የሚረጋ ምግብ፣ በፔትሪ ሳህን ላይ 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይዞ ይረጋል። ባክቴሪያው በጨው ውኃ ይበጠበጥና ድፍርስነቱ በማክፋርላንድ መለኪያ 0.5 እንዲሆን ይስተካከላል፤ ይህም በአንድ ሚሊ ሊትር 150 ሚሊዮን ያህል ባክቴሪያ ማለት ነው። በንጹሕ ጥጥ ሳህኑን በሙሉ ይቀባል። 6 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ወረቀት የተመጠነ ዘይት ጠጥቶ በላዩ ይቀመጣል። ሳህኑ ኢንኩቤተር በሚባል ማሞቂያ ሣጥን በ35 ዲግሪ ያድራል፤ ከ16 እስከ 18 ሰዓት ማለት ነው። በነጋታው ሳህኑ በጥቁር ጨርቅ ላይ ተገልብጦ ሲታይ ባክቴሪያው የደመነ ንጣፍ መስሎ ይታያል፤ ዘይቱ ከሠራ ግን በወረቀቱ ዙሪያ ምንም ያልበቀለበት ጥርት ያለ ክብ አለ። የክቡ ስፋት ከጀርባ በማስመሪያ በሚሊ ሜትር ይለካል።

ይህ ፍተሻ ብዙ ዕቃ አይፈልግም። በ2014 ዓ.ም. በሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ንብረቱ ለተዘረፈበት የወልዲያ ዩኒቨርሲቲ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ፈተናው መብራት ነው፤ ሌሊት ከጠፋ ኢንኩቤተሩ ይቀዘቅዛል፣ የዚያ ቀን ልኬትም አይታመንም።

ወጣቷ፦ በአንድ ሳህን ስንት ወረቀት ይቀመጣል?

አዛውንቱ፦ ጥቂት፤ ተራርቆ። የዘይቱ ትነት በክዳኑ ሥር ተሻግሮ የጎረቤቱን ወረቀት ክብ ሊያሰፋ ይችላል። ስለዚህ ጠንካራ ሽታ ያለው ዘይት ለብቻው ሳህን ቢሰጠው ይሻላል፤ ሳህኑም ዙሪያው ይታሸጋል። ከዘይቱ ጋር ሁለት ማነጻጸሪያዎች የግድ ናቸው፤ አንዱ እንደ ጄንታማይሲን ያለ የታወቀ መድኃኒት፣ ሌላው ዘይቱ የተበረዘበት ፈሳሽ ብቻውን። ያ መበረዣ ፈሳሽ ራሱ ባክቴሪያውን ከገደለ ምስጋናውን ዘይቱ ወሰደው ማለት ነው። ባክቴሪያውም ታሪኩ የታወቀ ይሁን፤ ስታፊሎኮከስ ኦሬየስ ኤቲሲሲ 25923 እና ኢ ኮላይ ኤቲሲሲ 25922 በመላው ዓለም መመዘኛ ናቸው።

ወጣቷ፦ እንግዲያው ሰፊ ክብ ያሳየው ዘይት ይበልጣል።

አዛውንቱ፦ አይበልጥም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አጋር አብዛኛው ውኃ ነው፤ ዘይት በውኃ ውስጥ በቀላሉ አይሰርግም፣ ከፊሉም ይተናል። ጠንካራው ዘይት ጠባብ ክብ፣ ደካማው ሰፊ ክብ ሊያሳይ ይችላል። ክቡ “ይሠራል” ወይም “አይሠራም” ለማለት ይበቃል፤ ለማወዳደር ግን ዝቅተኛው ገቺ መጠን መገኘት አለበት።

ለዚህ 96 ጉድጓድ ያለው የፕላስቲክ ሳህን ያስፈልጋል። ዘይቱ በጥቂት ዲኤምኤስኦ ወይም ቱዊን 80 ተለውሶ ከሾርባ መሰሉ ምግብ ጋር ይቀላቀላል፤ ከዚያ በየጉድጓዱ በግማሽ በግማሽ ይቀጥናል፤ 1 በመቶ፣ 0.5፣ 0.25፣ 0.125፣ እያለ ይወርዳል። ሁሉም ላይ እኩል ባክቴሪያ ይጨመራል። ሌሊቱን ካደረ በኋላ ሬሳዙሪን የሚባል ሰማያዊ ቀለም ጠብ ይደረጋል፤ ሕይወት ባለበት ጉድጓድ ቀለሙ ወደ ሮዝ ይለወጣል። እስከ 0.125 ሰማያዊ ቆይቶ ቀጣዩ ሮዝ ከሆነ መልሱ 0.125 በመቶ ነው። መግታትና መግደል ደግሞ ይለያያሉ፤ ከሰማያዊዎቹ ጉድጓዶች ጥቂት ተወስዶ በንጹሕ አጋር ላይ ይዘራል። ከበቀለ ባክቴሪያው ተኝቶ ነበር፣ ካልበቀለ ሞቷል።

ወጣቷ፦ ለምን አንዱ ባክቴሪያ ይሞታል፣ ሌላው ይተርፋል?

አዛውንቱ፦ ታይሞልን የመሰሉ ውህዶች ቅባት ወዳድ ናቸው፤ የህዋሱን ሽፋን ሰርገው ያላሉታል፣ ፖታሲየሙም ይፈስሳል። እንደ ስታፊሎኮከስ ያሉት ግራም ፖዘቲቭ ባክቴሪያዎች ለዚህ ብዙ ጊዜ የተጋለጡ ናቸው። ግራም ኔጌቲቮቹ ተጨማሪ የውጭ ሽፋን አላቸው። ከእነሱም ሱዶሞናስ ጎጂውን መልሶ የሚተፋ ፓምፕ ስላለው ዘይት በቀላሉ አይበግረውም።

ወጣቷ፦ የፈንገሱስ?

አዛውንቱ፦ እዚህ ነው ለሀብሩ ገበሬ ተስፋ የሚታየኝ። የመርሳ ብርቱካን ከተለቀመ በኋላ የሚያበሰብሰው አረንጓዴ ሻጋታ ፔኒሲሊየም ዲጂታተም ነው፤ ማሽላን በጎተራ የሚያጠቃው አስፐርጂለስ ፍላቨስ ደግሞ ጉበት የሚጎዳ አፍላቶክሲን ያመነጫል። ፍተሻው ሲሠራ ዘይቱ ከድንች አጋር ጋር ይቀላቀላል፤ የሻጋታው ቁራጭ መሐል ላይ ይቀመጥና በ25 ዲግሪ አንድ ሳምንት ያህል ይጠበቃል። ዘይት በሌለበት ሳህን 80 ሚሊ ሜትር፣ ዘይት ባለበት 20 ከሰፋ፣ እድገቱ 75 በመቶ ተገትቷል። ተናኝነቱ በባክቴሪያ ፍተሻ ላይ ጣጣ ነበር፤ እዚህ ግን ይጠቅማል፣ በታሸገ ዕቃ ውስጥ ትነቱ ብቻ ፍሬውን ይጠብቅ እንደሆነ መሞከር ይቻላልና። አፍላቶክሲኑ አንዴ ከተፈጠረ ግን ሻጋታውን መግደል መርዙን አያጠፋም፤ ሙከራው መሠራት ያለበት እህሉ ሳይበላሽ ነው።

ወጣቷ፦ ውጤቱ ጥሩ ከሆነ ሰው ቢጠጣውስ?

አዛውንቱ፦ በፍጹም። የባክቴሪያን ሽፋን የሚያላላ ነገር የሰውንም ይነካል። ያልተበረዘ ዘይት ቆዳ ያቃጥላል፤ ለሕፃን መስጠት አደገኛ ነው። በሳህን ላይ 0.125 በመቶ የሠራ ዘይት በደም ውስጥ ያን ያህል ሊደርስ አይችልም፤ ሊደርስ ቢችል ደግሞ ይጎዳል። የመርዛማነት ፍተሻ ሌላ፣ በሰው ላይ የሚደረግ ጥናት ሌላ ሥራ ነው።

ወጣቷ፦ ውጤቱ ሲጻፍ ምን መቅረት የለበትም?

አዛውንቱ፦ ተክሉ የተለቀመበት ቦታ፣ ወር፣ ከፍታና የአደራረቁ ሁኔታ። የአንዱ ተራራ ጦስኝ ታይሞል ሲበዛበት የሌላው ካርቫክሮል ይበዛበታል፤ ስለዚህ የዘይቱ ይዘት በጋዝ ክሮማቶግራፊ ካልታወቀ ሌላ ሰው ሥራውን ሊደግመው አይችልም። መሣሪያው ከሌለ ናሙናው ወዳለበት ይላካል፤ ወንዶ ገነት የግብርና ምርምር ማዕከል በመዓዛማ ዕፅዋት ላይ የቆየ ልምድ አለው። እያንዳንዱ ፍተሻም ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይደገማል፤ ያልሠራው ዘይትም ከሠራው እኩል ይመዘገባል።

ወጣቷ፦ ሳህኖቹስ?

አዛውንቱ፦ ሕያው ጀርም ስለያዙ እንደ ቆሻሻ አይጣሉም። ጀርሞቹ በአውቶክሌቭ በ121 ዲግሪ እንፋሎት ታፍነው ከሞቱ በኋላ ሳህኖቹ ይወገዳሉ፤ ጠረጴዛውም በ70 በመቶ አልኮል ይጠረጋል።