ያልሰጠመው ጣቢያ

ሰሜን ዌልስ፣ ፍሮንጎክ መንደር። አያትና የልጅ ልጅ ከቀድሞው የባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ቆመዋል። ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የልጅ ልጅ፦ አባባ፣ ጣቢያው ሐይቅ ውስጥ ሰጠመ ሲባል አልነበር? ይኸው ቆሟል እኮ!

አያት፦ የሰጠመው መሄጃው ነው ልጄ። እሱማ መኖሪያ ቤት ሆኗል። በ1882 የተከፈተው መስመር ከባላ ተነስቶ በዚህ በኩል ሸለቆውን ሽቅብ ይዞ፣ ቤት የሚከደንበት ጠፍጣፋ ድንጋይ ወደሚፈለጥባቸው ተራሮች ወደ ፌስቲኒዮግ ይወጣ ነበር።

የልጅ ልጅ፦ ለዚህች ትንሽ መንደር ጣቢያ ምን ያደርግላታል?

አያት፦ ባቡር ያገኘ መንደር የማያስበው እንግዳ ይመጣበታል። መጀመሪያ የውስኪ ፋብሪካ ተተከለ፤ ብዙ ሳይቆይ ከሰረ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ባዶው ፋብሪካ የጀርመን ምርኮኞች ማቆያ ሆነ። በ1916 በብሪታንያ አገዛዝ ላይ የተነሳው የደብሊኑ የፋሲካ አመፅ ሲከሽፍ ደግሞ 1,800 ያህል አየርላንዳውያን በባቡር ተጭነው መጡ፤ በኋላ የአየርላንድ የነፃነት ትግል መሪ የሆነው ማይክል ኮሊንስም አብሯቸው ነበር። ተበታትነው የኖሩትን ታጋዮች መንግሥት ራሱ አንድ ግቢ ሰበሰባቸው። ተዋወቁ፣ ተማማሩ፤ ገና ሲደርስ ተደራጅተው ወጡ።

የልጅ ልጅ፦ ታዲያ ማን ዘጋው?

አያት፦ ምክንያቱ ሁለት ነው፤ አንዱን ብቻ ይዘሽ እንዳትቀሪ። አውቶቡስና መኪና መንገደኛውን ወስደውት ነበር። እኔ ባላ ስማር ጠዋት ፉርጎው ውስጥ የምንገኘው በአብዛኛው ተማሪዎች ነበርን። መስኮቱ በትንፋሻችን ሲደበዝዝ ስማችንን በጣታችን እንጽፍበት ነበር። ሁለተኛው ውሃው ነው። ሊቨርፑል ለራሷ ውሃ ፈለገች፤ አብዛኞቹ የዌልስ እንደራሴዎች ቢቃወሙም ፓርላማው በ1957 በዚህ ሸለቆ ሐዲዱን የሚያሰጥም ግድብ እንድትሠራ ፈቀደላት። ሐዲዱን በሌላ በኩል ማዞር ታስቦ ነበር፤ ለጥቂት ተሳፋሪ አያዋጣም ተባለ። በጥር 1960 የመንገደኛው፣ በዓመቱ ደግሞ የጭነቱ ባቡር ቆመ። በ1965 የሸለቆው መንደር ካፔል ኬሊን ከነትምህርት ቤቷ፣ ከነፖስታ ቤቷና ከነጸሎት ቤቷ በውሃ ተዋጠች። የራሷ ፌርማታም ነበራት።

የልጅ ልጅ፦ ተሳፋሪ ካልነበረው ግን ግድቡ ባይኖርም መዘጋቱ አይቀርም ነበር።

አያት፦ ሊሆን ይችላል፤ በዚያ ዘመን ስንቱ የገጠር መስመር ተዘግቷል። ልዩነቱን ግን አስተውዪ። ባላ ሐይቅ ዳር የነበረውም ሐዲድ ተዘግቶ ነበር፤ መሬቱ ስለቀረ ከ1972 ጀምሮ ትንሽ ባቡር ይመላለስበታል። የተዘጋ መስመር ሰው ካለ ይከፈታል። እዚህ ግን ባቡሩ ቢመለስ እንኳ የሚሳፈሩት ሰዎች ሸለቋቸውን ለቀዋል።

የልጅ ልጅ፦ ምንም አልተረፈም?

አያት፦ በጋው ሲጠና ውሃው ይሸሽና የድንጋይ አጥሮቻቸው ብቅ ይላሉ። ያን ጊዜ እንመጣለን፤ ከዚህ ደጃፍ ተነስተን ውሃው እስከፈቀደልን በእግራችን እንሄዳለን።