ከብሶት ወደ ጥያቄ፣ ከጥያቄ ወደ ተቋም



ከጁሙዓ ሶላት በኋላ በመስጂድ ግቢ፣ በሰርግና በለቅሶ ቤት፣ በገበያና በታክሲ ውስጥ ሰዎች ችግራቸውን ሲያወጉ እንሰማለን። አንዱ ልጁ ተምሮ ሥራ ማጣቱን ይናገራል። ሌላው የቤት ኪራይ እንዳማረረው ይገልጻል። ሌላው ደግሞ የቀበሌው ሙስሊም የመቃብር ቦታ ማጣቱን ያነሳል። ሁሉም እውነታቸውን ነው። ሆኖም ጨዋታው አብዛኛውን ጊዜ «አላህ ያሻሽለው» በሚል ዱዓ ይዘጋና ሁሉም ወደየቤቱ ይበተናል። ዱዓ የሙእሚን መሣሪያ መሆኑን ማንም አይክድም። ጥያቄው ከዱዓው ጋር አብሮ መሄድ የነበረበት ሥራ የት ቀረ የሚለው ነው።

በዚህች አጭር ጽሑፍ ሁለት ነገሮችን ለመመርመር እሞክራለሁ። አንደኛው የኅብረተሰብ ችግር የምንለው ምን እንደሆነ፣ ሁለተኛው ሕዝባዊ እንቅስቃሴ ለውጥ የሚያመጣው በምን መንገድ እንደሆነ ነው። ማስረጃዬን የማመጣው ከኢስላም ታሪክና ከአገራችን ሙስሊሞች ትግል ነው።

የግል ችግር ወይስ የኅብረተሰብ ችግር?

አንድ ነጋዴ ከወለድ ለመራቅ ሲል ገንዘቡን ባንክ አላስገባም ብሎ ቤቱ ያስቀምጣል እንበል። አንድ ቀን ሌባ ገብቶ ይወስድበታል። ጎረቤቶቹም «ጥፋቱ የራሱ ነው፣ ለምን ባንክ አላስቀመጠም?» ይላሉ። ጉዳዩ በዚህ ዓይን ሲታይ የአንድ ሰው ጥንቃቄ ማጣት ብቻ ነው። ነገር ግን በዚያው ከተማ በዚያው ምክንያት ከባንክ የራቁ ብዙ ነጋዴዎች ካሉ፣ ምክንያቱም ያለ ወለድ የሚሠራ ባንክ በሕግ አለመፈቀዱ ከሆነ፣ ነገሩ የግል መሆኑ ይቀራል። እያንዳንዱ በየፊናው ቢጠነቀቅም መፍትሔ አያገኝም፤ የችግሩ ሥር ያለው እርሱ ዘንድ ሳይሆን በሕጉና በአሠራሩ ውስጥ ነውና። የኅብረተሰብ ችግር ማለት እንግዲህ ብዙዎችን የሚነካ፣ ሥሩ በሕግ፣ በልማድ ወይም በአስተዳደር ውስጥ ያለ፣ በጋራ እንጂ በተናጠል የማይፈታ ችግር ማለት ነው።

ሰው ችግሩን የግሉ ብቻ አድርጎ እስካየ ድረስ ወይ ራሱን ይወቅሳል ወይ ዕድሉን ያማርራል። በተቃራኒው ደግሞ የራሱን ስንፍና ሁሉ በመንግሥትና በባላንጣ ላይ የሚያላክክ አለ። ሁለቱም መንገዶች አያደርሱም። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ መለየት ነው። ይህ ችግር ስንቶቻችንን ነክቷል? ሥሩስ የት ነው?

የመካ ሰዎች ቃል ኪዳን

ይህ ዓይነቱ አስተሳሰብ ከዘመናዊ ትምህርት ቤት ብቻ የመጣ የሚመስለው ሰው ቢኖር ወደ ሲራ ይመለስ። ከነቢይነት በፊት ከየመን ዘቢድ የመጣ አንድ ነጋዴ ሸቀጡን መካ ውስጥ ለአል-ዓስ ኢብን ዋኢል ሸጦ ዋጋውን ተከለከለ። አል-ዓስ ከከተማዋ ታላላቅ ሰዎች አንዱ ሲሆን፣ ነጋዴው ግን ከለላ የሚሆነው ጎሳ የሌለው እንግዳ ነበር። ከአል-ዓስ ጎሳ ጋር ቃል የተጋቡትን ጎሳዎች እርዳታ ቢለምን ሊሰሙት አልፈለጉም። በመጨረሻም አቡ ቁበይስ ተራራ ላይ ወጥቶ በደሉን በሕዝብ ፊት ጮኾ ተናገረ።

የመካ ሰዎች ለነጋዴው ገንዘቡን ብቻ አስመልሰውለት ቢለያዩ ኖሮ ታሪኩ ዛሬ አይወሳም ነበር። እነርሱ ግን የአንድ እንግዳ ጩኸት የከተማቸውን ጉድለት እንደገለጠ ተገነዘቡ። በዙበይር ኢብን ዐብዱልሙጠሊብ ቀስቃሽነት የበኑ ሃሺም፣ የበኑ ዙህራና የበኑ ተይም ሰዎች በዐብዱላህ ኢብን ጁድዓን ቤት ተሰብስበው፣ ወደፊት የሚበደል ማንኛውም ሰው፣ የከተማዋ ተወላጅም ይሁን እንግዳ፣ መብቱ እስኪመለስለት በአንድነት ሊቆሙለት ቃል ተጋቡ። ሒልፍ አል-ፉዱል የሚባለው ይኸው ነው። ነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) በወጣትነታቸው በቃል ኪዳኑ ላይ ተገኝተዋል። ከነቢይነት በኋላም በአድናቆት ያስታውሱት እንደነበር፣ በኢስላም ዘመንም ወደዚያ ዓይነት ቃል ኪዳን ቢጠሩ እንደሚቀበሉ መናገራቸውን የሲራ ጸሐፊዎች ዘግበውታል።

ከዚህ ሁለት ትምህርት እናገኛለን። አንደኛ፣ ብሶት ለውጥ የሚሆነው ለአንድ ሰው ከማዘን አልፎ ለሁሉም የሚሠራ ደንብ ሲወልድ ነው። ሁለተኛ፣ ፍትሕን ለመፈለግ ሰዎች በሃይማኖት አንድ እስኪሆኑ መጠበቅ አያስፈልግም።

ሚያዝያ 12 ቀን 1966

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በ1948 የተሻሻለው የንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ሕገ መንግሥት የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን በመንግሥት የምትደገፍ የአገሪቱ ቤተ ክርስቲያን መሆኗን ይደነግግ ነበር። ሙስሊሙ ደግሞ በአነጋገር ደረጃ እንኳ «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» ይባል ነበር፤ ልክ ከሌላ አገር መጥቶ እንደሰፈረ እንግዳ ማለት ነው። በዓሉ የሥራ ቀን ነበር። በመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ በጦር ሠራዊትና በዲፕሎማሲ ሥራ የነበረው ድርሻ እጅግ ጠባብ ነበር። በዒድ ቀን ከሥራ የቀረ ሠራተኛ የሚታየው እንደ ቀሪ ነበር እንጂ መብት እንደተነፈገ ሰው አልነበረም። የግል ችግር መስሎ የኖረ የኅብረተሰብ ችግር ማለት ይህ ነው።

በ1966 የካቲት ወር መምህራንና የታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ። የካቲት 28 ደግሞ የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ ጀመረ። ሁሉም ጥያቄውን ይዞ በሚወጣበት በዚያ ወቅት፣ ሚያዝያ 12 ቀን፣ ወደ አንድ መቶ ሺህ የሚገመት ሕዝብ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ለሙስሊሙ እኩልነት ተሰለፈ። ክርስቲያን ወገኖችም ከሙስሊሙ ጎን ተሰልፈዋል። ለጠቅላይ ሚኒስትር እንዳልካቸው መኰንን መንግሥት የቀረቡት ጥያቄዎች 13 ነበሩ። ከእነርሱም መካከል መንግሥትና ሃይማኖት እንዲለያዩ፣ ኢስላማዊ በዓላት ብሔራዊ በዓላት እንዲሆኑ፣ የመሬት ባለቤትነት መብት እንዲከበር፣ በመንግሥት ሥራ የመሳተፍ ዕድል እንዲሰጥ፣ ብሔራዊ የሙስሊሞች ምክር ቤት እንዲቋቋም፣ እንዲሁም «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» የሚለው መጠሪያ «የኢትዮጵያ ሙስሊሞች» በሚለው እንዲተካ የሚሉት ይገኛሉ።

በእኔ እምነት የዚያ ቀን ጥንካሬ በሰው ብዛት ብቻ የሚለካ አይደለም። ሰልፈኛው በደሉን ቆጥሮና ጽፎ ይዞ ወጥቷል። «ተበደልን» ለሚል ሰው መንግሥት በለስላሳ ቃል መልስ ሰጥቶ ሊሸኘው ይችላል። «እነዚህን 13 ነገሮች እንጠይቃለን» ለሚል ግን የትኛው እንደተመለሰና የትኛው እንደቀረ ሁሉም መቁጠር ይችላል። እኛም እነሆ ከብዙ ዓመታት በኋላ እየቆጠርን ነው።

በአዋጅ የሚመለስና በተቋም የሚመለስ

እስቲ እንቁጠር። ሥርዓቱ ወድቆ ደርግ ሥልጣን በያዘ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ በ1967፣ ዒድ አል-ፊጥር፣ ዒድ አል-አድሓና መውሊድ ብሔራዊ በዓላት ሆኑ። በዚያው ዓመት የካቲት 25 የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ፣ ደርግ በራሱ ምክንያት ያወጣው ቢሆንም፣ የቀድሞውን የመሬት ሥሪት ሲያፈርስ ሙስሊሙ ገበሬም ተጠቃሚ ሆነ። በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን ደነገገ።

የምክር ቤቱ ጥያቄስ? መጅሊሱ እ.ኤ.አ. በ1976 ተቋቋመ። ነገር ግን የማን ነው፣ ማንስ ይመርጠዋል የሚለው ጥያቄ በሦስት መንግሥታት ዘመን አልተዘጋም። በ2004 በአወሊያ የተነሳውና «ድምፃችን ይሰማ» በሚል መጠሪያ የታወቀው ሰላማዊ እንቅስቃሴ ከዋና ጥያቄዎቹ አንዱ የመጅሊሱ መሪዎች በሕዝበ ሙስሊሙ እንዲመረጡ የሚል ነበር። 17 አባላት የነበሩት የመፍትሔ አፈላላጊ ኮሚቴ በርካታ አባላት ለእስር ተዳርገዋል። ሚያዝያ 23 ቀን 2011 በተካሄደው የአንድነት ጉባኤ ጊዜያዊ አመራር ተሰየመ። ምክር ቤቱ በአዋጅ ሕጋዊ ሰውነት ያገኘው ደግሞ በሰኔ 2012 ነው። ከሚያዝያ 1966 ብንነሳ 46 ዓመት መሆኑ ነው።

በአንድ ቀን፣ በአንድ ወረቀት ላይ የቀረቡ ጥያቄዎች አንዱ በወራት ሌላው በ46 ዓመት የተመለሰው ለምንድን ነው? እንደማምነው ጥያቄዎች ሁለት ዓይነት ናቸው። በዓል በአንድ አዋጅ ይመለሳል፤ ከታወጀ በኋላ እያንዳንዱ ቤተሰብ ራሱ ያከብረዋል። ተቋም ግን ታውጆ አያበቃም። መሪዎቹን የሚመርጥ፣ ሒሳቡን የሚጠይቅ፣ ዑለማውንና ወጣቱን የሚያስማማ፣ ከሥልጣን ተጽዕኖ የሚጠብቀው ሕዝብ ይፈልጋል። ሰልፍ በር ያስከፍታል፤ ቤቱን የሚያስተዳድረው ግን ሰልፍ አይደለም። አደባባዩ ባዶ ከሆነ በኋላ ሥራው ያበቃ መስሎት ወደየጉዳዩ የሚሄድ ሕዝብ፣ ያገኘውን ተቋም ለቀደመ ሰው ትቶ ይሄዳል።

የነጋዴው ጉዳይ ምን ደረሰ?

ቀደም ሲል በምሳሌነት ያነሳነውን ገንዘቡን ቤቱ ያስቀመጠ ነጋዴ ጉዳይ ደግሞ እንመልከት። በ2000 የወጣው የባንክ ሥራ አዋጅ ከወለድ ነፃ አገልግሎት እንዲኖር በር ከፈተ። በ2004 ብሔራዊ ባንክ ያወጣው መመሪያ ግን አገልግሎቱን በነባር ባንኮች ውስጥ በመስኮት ደረጃ እንዲሰጥ ስለ ወሰነው፣ ሙሉ ባንክ ለማቋቋም ይደረግ የነበረው ጥረት ተደናቀፈ። ፈቃዱ የተገኘው በ2011 ነው። ዘምዘም ባንክም በ2013 ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆነ የመጀመሪያው ባንክ ሆኖ ሥራ ጀመረ።

ይህ እንቅስቃሴ የጠየቀው ሌላ ዓይነት ትዕግሥት ነው። ሕጉን አንብቦ የሚያብራራ የሕግ ሰው፣ የሸሪዓውን ሚዛን የሚያሳይ ዓሊም፣ አክሲዮን ገዝቶ የሚጠብቅ ነጋዴ አስፈልገውታል። ከባለ አክሲዮኑና ከደንበኛው ዛሬም የሚጠበቅ ነገር አለ። ባንኩ ለትንሹ ነጋዴና ለገበሬው ምን ሠራ ብሎ የሚጠይቅ ከሌለ፣ የተቋሙ መኖር ብቻውን ለድሀው አይደርስም።

በየጀመዓችን ምን እንሥራ?

ምሳሌ እንዲሆነን ወደ ዐረብ አገር የሚደረገውን የሴት ልጆቻችንን ስደት እንውሰድ። መንግሥት በ2006 ለሥራ የሚደረገውን ጉዞ አገደ። ልጆቹ ግን በደላላና በባሕር መሄዳቸውን አልተዉም። በ2008 አዋጅ ቁጥር 923 ወጥቶ ቢያንስ የስምንተኛ ክፍል ትምህርትንና የሙያ ማረጋገጫን ቅድመ ሁኔታ አደረገ። ዕገዳው በ2010 ተነሳ። ችግሩ ግን አዋጅ ብቻውን የሚፈታው አልሆነም። እንግዲህ አንድ የመስጂድ ጀመዓ ከሚከተሉት ጥያቄዎች ሊነሳ ይችላል።

አንደኛ፣ ከእኛ ሰፈር ስንት ልጆች ሄዱ? በምን መንገድ? በግምት ሳይሆን ከየቤቱ ጠይቆ መመዝገብ ያስፈልጋል።

ሁለተኛ፣ የሄዱት ለምንድን ነው? ከትምህርት መቋረጥ፣ ከዕዳ፣ ከቤተሰብ ግፊት ወይስ ከደላላ ማታለል? ለእያንዳንዱ መልሱ የተለየ ነው።

ሦስተኛ፣ ከመንግሥት የምንጠይቀው ምንድን ነው? ይህ በጽሑፍ፣ በቁጥርና በግልጽ ቃል ይቅረብ።

አራተኛ፣ ማንንም ሳንጠብቅ እኛ የምንሠራው ምንድን ነው? ዘካችን ለተቸገረች ቤተሰብ ልጇን ከትምህርት ቤት ሳታስወጣ ይደርሳታልን? ኢማማችንስ ልጁ ገንዘብ እንድትልክለት ብቻ የሚገፋፋውን አባት በኹጥባው ይመክራልን?

አምስተኛ፣ ከዓመት በኋላ ይህን ሥራ የሚጠይቀው ማን ነው? ስሙ የታወቀ ኃላፊና የሚሰበሰቡበት ቀን ከሌለ ሁሉም ነገር ወሬ ሆኖ ይቀራል። ከቁርኣን ምዕራፎች አንዱ «አሽ-ሹራ» ተብሎ መሰየሙ ምክክር ለሙስሊም ጀመዓ የቱን ያህል ክብደት እንዳለው ያሳያል።

ለዚህ ሥራ ጎረቤታችን ክርስቲያንም አጋራችን ነው፤ ደላላው የልጆችን ሃይማኖት አይለይምና። የመካው ቃል ኪዳንም ሆነ የሚያዝያው ሰልፍ ያስተማሩን ይህንኑ ነው።

ውድ አንባብያን፣ ትናንት አባቶቻችን 13 ጥያቄ ጽፈው አደባባይ ወጡ። እኛ የምናከብረው በዓል የእነርሱ ድካም ፍሬ ነው። ለእኛ የተረፈን ሥራ ምናልባት ጩኸት የሌለበት፣ መዝገብ መያዝ፣ ስብሰባ መገኘት፣ ሒሳብ መጠየቅ ሊሆን ይችላል። ለዓይን አያምርም፤ ግን 46 ዓመት ያስጠበቀን የዚህ ሥራ መጓደል ጭምር ይመስለኛል። አላህ (ሱ.ወ.) ችግራችንን የምናውቅ፣ ካወቅንም በኋላ በጋራ የምንነሳ፣ ከተነሳንም በኋላ የማንሰለች ያድርገን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።