በ94 ዲግሪ የሚፈላው ውሃና የሚግለው ሞተር

ባሕር ዳር በሚገኝ ቤተ ሙከራ ውስጥ አንድ ተማሪ ውሃ አፍልቶ ቴርሞሜትሩን ቢያነብ፣ 94 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ቆሞ ያገኘዋል። እሳቱን ቢጨምርም ከዚያ አይዘልም። መጽሐፉ ግን 100 ይላል። ብዙ ተማሪ በዚህ ጊዜ ቴርሞሜትሩን ይጠራጠርና ማርክ እንዳይቀነስበት በሪፖርቱ ላይ 100 ብሎ ይጽፋል። ቴርሞሜትሩ ግን አልዋሸም። የጣና ሐይቅ ገጽ ከባሕር ጠለል በላይ 1,786 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ስለሚገኝ፣ በዚህ ስፍራ ያለው የከባቢ አየር ግፊት በባሕር ጠለል ላይ ካለው አራት አምስተኛ ገደማ ብቻ ነው። ግፊቱ ሲቀንስ የውሃው ሞለኪውሎች በቀላሉ ስለሚያመልጡ ነጥበ ፍሌቱም አብሮ ይወርዳል።

ይህ የስድስት ዲግሪ ልዩነት በሪፖርት ላይ ቢዘለል ጉዳቱ ብዙ አይደለም። በመኪና ሞተር ውስጥ ግን ልዩነቱ የሞተሩን ሕይወት እስከ መወሰን ይደርሳል። በተለይ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ፣ ያሉትን አሮጌ መኪናዎች በጥንቃቄ መያዝ ለብዙ ቤተሰብ የእንጀራ ጉዳይ ሆኗል።

በሞተር ውስጥ ከሚቃጠለው ነዳጅ የሚገኘው ጉልበት በግምት ሲከፈል፣ አንድ ሦስተኛው መኪናውን ያንቀሳቅሳል፤ ሌላው በጭስ ማውጫ ይወጣል፤ የቀረው በሞተሩ ብረት በኩል ወደሚዘዋወረው ውሃ ይገባል። ውሃው በፓምፕ እየተገፋ ወደ ራዲያተር ሄዶ ሙቀቱን ለአየር ያስረክባል። በመንገዱ ላይ ቴርሞስታት የሚባል በር አለ። በውስጡ ያለው ሰም ሲሞቅ እየሰፋ በሩን ይከፍታል። በብዙ መኪናዎች ላይ በሩ በ82 ዲግሪ አካባቢ መከፈት ይጀምርና በ95 ዲግሪ ገደማ ሙሉ በሙሉ ይከፈታል። እንግዲህ ቁጥሮቹን እናነጻጽር፤ ባሕር ዳር ላይ በተከፈተ ዕቃ ያለ ውሃ፣ ይህ በር ሙሉ በሙሉ ከመከፈቱ በፊት ይፈላል ማለት ነው።

ሞተሩን ከዚህ የሚያድነው የራዲያተሩ ክዳን ነው። ክዳኑ ተራ መክደኛ አይደለም፤ በስፕሪንግ የተደገፈ የግፊት ቫልቭ ነው። በላዩ ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር ታትሞ ይገኛል፤ ይኸውም ከውጭው አየር በላይ የሚይዘው ግፊት በባር ሲለካ ነው። 0.9 የሚል ጤነኛ ክዳን ያለው ራዲያተር ባሕር ዳር ላይ ውሃውን እስከ 115 ዲግሪ ገደማ ሳያፈላ ያቆየዋል። የክዳኑ ጎማ ተሰንጥቆ ግፊት ካሾለከ ግን ከሃያ ዲግሪ የሚበልጥ የመጠባበቂያ ልዩነት በአንድ ጊዜ ይጠፋል። ጅቡቲ ወደብ ላይ ክዳኑ የተበላሸበት መኪና እስከ 100 ዲግሪ ይታገሣል፤ ባሕር ዳር ላይ እስከ 94፤ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ እስከ 92 ብቻ። በእኔ እምነት በከፍተኛ ቦታ በምንኖር ሰዎች ዘንድ ክዳኑ ከሁሉ አስቀድሞ መመርመር አለበት፤ ዋጋውም ከሁሉ ያነሰ ነው።

ይህ ሁሉ ጎልቶ የሚታየው ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ፣ በዓባይ ሸለቆ ላይ ነው። መንገዱ ከጎሃ ጽዮን ወርዶ ድልድዩን ይሻገርና እስከ ደጀን ድረስ 1,400 ሜትር ያህል ወደ ላይ ይወጣል። ከነተሳፋሪው 1,200 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና ይህን ዳገት ለመውጣት ብቻ ከ16 ሚሊዮን ጁል በላይ ሥራ ይሠራል። በውሃው ላይ የሚራገፈው ሙቀትም በግምት ከዚሁ ጋር የሚተካከል ነው። ይህ ሙቀት አንድም ሳይወጣ በውሃው ውስጥ ቢቀር፣ ቀድሞ የሞቀን ሰባት ሊትር ውሃ ወደ እንፋሎት ለመለወጥ ይበቃል። በትንሽ መኪና ውስጥ የሚዘዋወረው ውሃ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከዚህ ያነሰ ነው። በዚህ ላይ መኪናው ከፍ እያለ በሄደ ቁጥር አየሩ እየሳሳ ስለሚሄድ፣ ማራገቢያው በአንድ ዙር የሚስበው የአየር ክብደት ይቀንሳል። ነጥበ ፍሌቱም ይወርዳል፤ ክዳኑ ግፊት በማይዝ መኪና ላይ ድልድዩ ዘንድ 96 ዲግሪ ገደማ የነበረው ደጀን ሲደርስ 92 ይሆናል። ከሥር ሲነሣ ጤነኛ ይመስል የነበረ መኪና አናቱ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው መንገድ ዳር ቆሞ እንፋሎት የሚተፋበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

በዚህ ጊዜ የሚፈጸመው ትልቁ ስሕተት ክዳኑን ወዲያው መክፈት ነው። በራዲያተሩ ውስጥ 110 ዲግሪ የደረሰ ስድስት ሊትር ውሃ አለ እንበል። ክዳኑ ሲከፈት ግፊቱ በድንገት ወደ ውጭው አየር ግፊት ይወርዳል፤ ውሃውም ወደ 94 ዲግሪ እስኪመለስ ድረስ የተረፈውን ሙቀት ለትነት ያውለዋል። ስሌቱ ሲሠራ ከውሃው ሦስት ከመቶ ያህሉ ወዲያውኑ እንፋሎት ይሆናል። ሦስት ከመቶ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ይህ እንፋሎት ከ300 ሊትር በላይ ቦታ የሚፈልግ በመሆኑ፣ የፈላውን ውሃ ከፊቱ እየገፋ በጠባቡ አፍ በኩል ይፈነዳል። በፊቱ ያለው ደግሞ የሰው ፊትና እጅ ነው። ስለዚህ ሞተሩን አጥፍቶ፣ የላይኛው የራዲያተር ጎማ በእጅ ሲጫኑት ለስላሳና ለብ ያለ እስኪሆን ቢያንስ ግማሽ ሰዓት መታገሥ ይገባል።

ቀዝቃዛ ውሃ በጋለው ሞተር ላይ ማፍሰስም እንዲሁ ክልክል ነው። የብዙ ሞተሮች ቴስታታ ከአሉሚኒየም የሚሠራ ሲሆን፣ አሉሚኒየም ሲሞቅ የሚረዝመው ከብረት እጥፍ ያህል ነው። 45 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም ቴስታታ በ100 ዲግሪ ቢሞቅ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ሲረዝም፣ ከሥሩ ያለው የብረት ብሎክ የግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ይረዝማል። ድንገተኛ ቅዝቃዜ አንዱን ወገን ብቻ ሲያኮማትረው ቴስታታው ይጣመማል። ብዙውን ጊዜ የሚፈቀደው መጣመም ደግሞ ከ0.05 ሚሊ ሜትር እምብዛም አይበልጥም።

መኪናው ቤት ከደረሰ በኋላ መንስኤውን ለማወቅ የመጀመሪያው ጥያቄ «መቼ ነው የሚግለው?» የሚል ነው። ከተማ ውስጥ ሲቆም እየጋለ፣ በጣና ዳር መንገድ ላይ ንፋስ ሲያገኝ የሚበርድ ከሆነ ጥርጣሬው ማራገቢያው ላይ ይወድቃል። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ከሆነ ፊውዙን ማየት፣ ከዚያም ከባትሪው ጋር በቀጥታ አገናኝቶ መሞከር ይቻላል፤ ጣትን ከክንፎቹ ማራቅ ግን የግድ ነው። በተቃራኒው ቆሞ ደኅና ሆኖ በፍጥነትና በዳገት ላይ የሚግል ከሆነ ራዲያተሩ ሳይደፈን አልቀረም። በምሽት የፎገራን ሜዳ አቋርጦ ወደ ጎንደር የተመላለሰ መኪና ራዲያተሩ በነፍሳት ሬሳ ተሸፍኖ ሊገኝ ይችላል፤ ይህ ከኋላ ወደ ፊት በቀስታ በሚፈስ ውሃ ይታጠባል፤ ቀጫጭኖቹ ክንፎች እንዳይታጠፉ ግፊቱ ከፍተኛ መሆን የለበትም። ከተነሣ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የሚግል ከሆነ ደግሞ ወይ ውሃው ጎድሏል፣ ወይ ቺንጋው ላልቶ ፓምፑ አይዞርም፣ ወይ ቴርሞስታቱ ተዘግቶ ቀርቷል። የሙቀት መለኪያውን ብቻ ማመንም አይገባም፤ ውሃው ከጠቋሚው በታች ካለቀ፣ ጠቋሚው የሚለካው ውሃን ሳይሆን አየርን ስለሆነ ሞተሩ እየተቃጠለ መርፌው ዝቅ ብሎ ሊታይ ይችላል።

ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል በብዙ ጋራዦች የተለመደ መፍትሔ ነው፤ ነገር ግን አልስማማበትም። በብዙ ሞተሮች ላይ ቴርሞስታቱ ሲከፈት ራዲያተሩን ዘሎ የሚመለሰውን አቋራጭ ቱቦ ይዘጋል፤ እሱ ከሌለ የውሃው ከፊል ሳይቀዘቅዝ ይዘዋወራል። ይልቅ በድስት መፈተን ይሻላል። ቴርሞስታቱን በሲባጎ አንጠልጥሎ ወደ ውሃ ማስገባትና ከቴርሞሜትር ጋር አብሮ ማሞቅ ነው። 82 የሚል ቁጥር ያለበት ከሆነ በዚያ አካባቢ መላቀቅ መጀመር አለበት። እዚህ ላይ መምሪያ መጽሐፉ «በ95 ዲግሪ ሙሉ በሙሉ መከፈቱን አረጋግጥ» ቢል፣ ባሕር ዳር ላይ ያለ ድስት 95 ሊደርስ ስለማይችል ጥቂት ሳይከፈት በመቅረቱ ብቻ ጤነኛውን ቴርሞስታት ተበላሽቷል ብሎ መፍረድ አይገባም።

ምን ዓይነት ውሃ ይጨመር? የጣና ውሃ በቅርብ ቢገኝም፣ በተለይ በክረምት ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ የሚያመጡት ደለል ስላለበት የራዲያተሩን ቀጫጭን ቱቦዎች ይደፍናል። የጉድጓድ ውሃ ደግሞ የሟሙ የካልሲየምና የማግኒዚየም ጨዎች ሲኖሩበት፣ ሲሞቅ በሻይ ጀበና ውስጥ የምናየውን ነጭ ቅርፊት ይተዋል። የተጣራ ውሃ ከኩላንት ጋር እኩል ለእኩል ተቀላቅሎ ቢገባ ይመረጣል። «እዚህ በረዶ የለም፣ ኩላንት ምን ያደርጋል?» የሚሉ አሉ። ኩላንቱ ግን ዝገትን ይከላከላል፤ ነጥበ ፍሌቱንም በሰባት ዲግሪ ገደማ ከፍ ያደርጋል።

ክዳኑ፣ ማራገቢያው፣ ቺንጋውና ቴርሞስታቱ ሁሉ ጤነኛ ሆነው ውሃው እየጎደለ የሚሄድ ከሆነ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ይመርመር። ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ክዳኑን ከፍቶ ሞተሩን ማስነሣት ነው። ውሃው ውስጥ ሳያቋርጥ አረፋ ከተንቦገቦገ፣ ወይም የዘይቱ መለኪያ ዘንግ ወተት የገባበት ቡና የመሰለ ዘይት ይዞ ከወጣ፣ የቤቱ ሥራ በዚህ አብቅቷል፤ መኪናው ሳይነዳ ተጎትቶ ወደ ጋራዥ ይሄዳል።