ተዳፋትን በሥር ማሰር

ክረምት በመጣ ቁጥር ጉድጓድ ተቆፍሮ ችግኝ የሚተከልበት ዳገት ብዙ ነው። ሥራው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከመጨረሻው፣ ከዛፉ ይጀመራል። ዳገት የሚያዘው መጀመሪያ ውኃው፣ ቀጥሎ ሣሩና ቁጥቋጦው፣ በስተኋላ ዛፉ ሲታሰብለት ነው።

ከሁሉ በፊት ቦታው ይመርመር። አዲስ ስንጥቅ ከታየ፣ ግንዶች ከዘመሙ ወይም ምንጭ ያልነበረበት ቦታ ውኃ ካፈለቀ፣ መሬቱ ከሥር እየተንቀሳቀሰ ሊሆን ይችላል። አብዛኛው የዛፍ ሥር ከአንድ ሁለት ሜትር አይዘልቅም፤ ከዚያ በታች የሚንሸራተተውን አይዘውም። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ ከከባድ ዝናብ በኋላ በደረሰው ናዳ ከ200 በላይ ሰዎች አልቀዋል፤ የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጡትም በሁለተኛው ናዳ ተዋጡ። ምልክቱ ከታየ ከሥሩ ያሉትን ነዋሪዎች ማራቅና ባለሙያ መጥራት ይቀድማል፤ የችግኝ ነገር እዚያ ላይ ያበቃል።

ቦታው የጸና ከሆነ በአናቱ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ይቆፈራል። ቦዩ በጥቂቱ አዘንብሎ ውኃውን ሣር ወደ ለበሰ ወይም ድንጋይ ወደ ተነጠፈበት መውረጃ ይመራል። መውረጃው ሳይዘጋጅ ቦይ መክፈት ግን አዲስ ቦረቦር መጥራት ነው።

ከዚያ ሣሩ የሚተከልበት፣ እኩል ከፍታን የሚከተል መስመር በኤ ፍሬም ይወጣል። በ«A» ፊደል ቅርጽ ለሚታሰረው ለዚህ መሣሪያ ሁለት ሜትር ያህል የሚረዝሙ ሁለት እንጨቶች፣ አንድ አግዳሚ፣ ከአናቱ የሚንጠለጠል ገመድና ጫፉ ላይ የሚታሰር ድንጋይ ይበቃሉ። ገመዱ የአግዳሚው መሐል ምልክት ላይ ሲያርፍ ሁለቱ እግሮች እኩል ከፍታ ላይ ናቸው፤ ችካል ይመታና አንዱ እግር ሳይነሣ ሌላው ይዞራል። ለገደላማ ቦታ በመስመሮቹ መካከል የ1 ሜትር የከፍታ ልዩነት ይስማማል፤ በ50 በመቶ ተዳፋት ይህ በአግድም 2 ሜትር ብቻ ነው። ለማሳው የሳሳ ሰው መስመሮቹን ያራርቃል፤ ጎርፉ ጉልበት የሚያገኘውም በዚያ ክፍተት ነው።

ዝናቡ ሲጠና ደሾ ወይም ቬቲቨር ሣር እየተገነጠለ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ተራርቆ በመስመሩ ይተከላል። ከሣሩ በላይ ቁጥቋጦ ይገባል፦ በወይና ደጋ ሰስባኒያ፣ በደጋ ትሪ ሉሰርን። ሰንሰል ችግኝ ጣቢያም አያሻውም፤ አውራ ጣት የሚያህል፣ ግማሽ ሜትር የሚረዝም ቅርንጫፍ ተቆርጦ ሁለት ሦስተኛው ይቀበራል። ጫፉ ወደ ታች ተገልብጦ ከተሰካ ይደርቃል።

ለዛፍ የተዳፋቱ የታችኛው ክፍል ይሻላል፤ ገደሉ አፋፍ ላይ የቆመ ረጅም ዛፍ ነፋስ ሲያወዛውዘው አፈሩን ይነቀንቃል። ወይራና ዋንዛ ይመረጣሉ፣ ደረቅ ቦታ ላይ ደግሞ ክትክታ። ባሕር ዛፍ ቶሎ ያድጋል፤ ከሥሩ ግን ሣር እምብዛም አይበቅልም፣ ቅጠሉም ለማገዶ ሲጠረግ አፈሩ ራቁቱን ይቀራል። ሥር ብቻውን በማይችለው ቦታ ድንጋይ ይጨመራል፤ በ2011 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የተመዘገበው የኮንሶ እርከን እስከ 5 ሜትር የሚደርስ ግንብ አለው፣ ሽፈራውም ከሰብሉ ጋር አብሮ ይበቅልበታል።

ልቅ ግጦሽ ካልቆመ ይህ ሁሉ ድካም ከንቱ ነው። ሣሩ እየታጨደ፣ ሰስባኒያውም ከመሬት አንድ ሜትር ገደማ ላይ እየተቆረጠ ለከብት ይቀርባል፤ አጭር ሆኖ ሲያቆጠቁጥ ተዳፋቱን አይከብደውም። በሁለተኛው ክረምት፣ ከመጀመሪያዎቹ ከባድ ዝናቦች በኋላ፣ መስመሩን እየተከተሉ ሣሩ የሞተበትንና ውኃው የሰበረውን ቦታ ፈልጎ ዝናቡ ሳያልቅ መልሶ መትከል ያሻል።