ጅብ የሚሆነው ተጫዋች

አንድ ችሎታ ለጨዋታ ሚዛናዊ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ጥያቄ እንዴት እንደ መረመርኩት በዚህ ጽሑፍ ለመግለጥ እሞክራለሁ።

ባለፈው ክረምት አምስት ጓደኛሞች በየቅዳሜው ውቤ በረሃ ካለው ከአንደኛችን ቤት እየተሰበሰብን «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» እንጫወት ነበር። ይህን ጨዋታ በ1974 እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ያወጡት አሜሪካኖቹ ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ናቸው። ዳኛው ታሪኩን ያወራል፤ የቀሩት በታሪኩ ውስጥ ያለውን ሰው ሆነው ይናገራሉ፤ አጠራጣሪውን ነገር ባለ ሃያ ገጽ ዳይስ ይወስነዋል። ዳኛው እኔ ነበርኩ።

ከመካከላችን አንደኛው አውሬ መሆን የሚችለውን ድሩይድ መረጠ። በአገራችን ሌሊት ጅብ ስለሚሆን ሰው ሲወራ ሳይሰማ ያደገ የለምና እርሱም ወዲያው ጅብ ሆነ። (ይህ ወሬ በቀጥቃጮችና በሸክላ ሠሪዎች ላይ ብዙ ግፍ ስላስከተለ «ቡዳ» የሚለው ቃል ከጠረጴዛችን እንዳይነሣ ተስማምተናል።)

ችግሩ የመጣው ከሒሳቡ ነው። በ2014ቱ እትም የጨረቃ ወገን የሆነ ድሩይድ ገና በ2ኛው ደረጃ ታላቁን ጅብ መሆን ይችላል። ታላቁ ጅብ 45 የሕይወት ነጥብ አለው። ይህ ነጥብ ሲያልቅ ሰውዬው አይሞትም፤ ወደ ሰውነቱ ይመለሳል፤ ከጅቡ የተረፈው ጉዳት ብቻ ይደርስበታል። ይህንንም ሳያርፍ ሁለት ጊዜ ማድረግ ይችላል። የጓደኛችን የራሱ ነጥብ 17 ስለ ነበረ፥ 45 እና 45 እና 17 ሲደመር 107 ሆነ። ጦረኛ የሆነው ትንሹ ጓደኛችን ግን 20 ብቻ ነበረው።

ይህ ልጅ በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ አካባቢ ቤቶች ሲፈርሱ ርቀው ከሄዱት ቤተ ሰቦች አንዱ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለት ታክሲ ተሳፍሮ ይመጣ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት «የቤት ሥራ አለብኝ» ብሎ ቀረ። ክረምት ነበር፤ የምን የቤት ሥራ!

እውነት ነው፥ ለውጡ ዋጋ ያስከፍላል። ጅብ አይናገርም፥ በር በቁልፍ አይከፍትም፥ አስማትም አይደግምም። በቼዝም ወታደሩ ንግሥት የሚሆነው ሰሌዳውን አቋርጦ ነው። ደግሞም ጦረኛው 5ኛው ደረጃ ላይ ሲደርስ በየተራው ሁለት ጊዜ ይመታል፤ ጅቡ ግን ያው የድሮው ጅብ ነው። ስለዚህ አንዱ ችሎታ መጀመሪያ ላይ ከልክ ያለፈ፥ ኋላ ግን ተራ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ጓደኛችን 5ኛውን ደረጃ ሳያይ ሊለየን ነበር። ደራሲዎቹም ጉዳዩን ሳያስቡበት አልቀሩም፤ በ2024ቱ እትም ድሩይዱ የአውሬውን ነጥብ መውሰዱ ቀርቶ፥ የጨረቃ ወገን ከሆነ የደረጃውን ሦስት እጥፍ ብቻ ይጨመርለታል።

እኛ አዲሱ መጽሐፍ አልነበረንም። ለውጡን አንድ ጊዜ ብቻ እንዲሆን ወስኜ ልጁን ልጠራው ከቤቱ ሄድኩ። እርሱም 45ንና 17ን ደምሮ «አሁንም የኔን ሦስት እጥፍ ነው» አለኝ። ልክ ነበር። በበሩ ላይ ቆመን መጽሐፉን ስናገላብጥ ተራውን ጅብ አገኘን፤ 5 ነጥብ ብቻ። ሁለት ጊዜ ቢለወጥ እንኳ ድምሩ 27 ነው። እስከ 5ኛው ደረጃ ድረስ ድሩይዱ ተራ ጅብ ብቻ እንዲሆን ተስማማን።

ባለ ጅቡ ለአንድ ቅዳሜ አኮረፈ። ትንሹ ጓደኛችን ግን ከሁላችን ቀድሞ መጥቶ ዳይሱን በእጁ ይዞ ጠበቀን።