ስለ ኔትወርክ ፓኬት ሠንጠረዥ አዘገጃጀት

ነጋዴ ዕቃ በሚረከብበት ጊዜ ሳጥኑን ከመክፈቱ አስቀድሞ አብሮት የመጣውን ወረቀት ይመለከታል። ላኪውንና ተቀባዩን፥ የዕቃውንም ክብደት የሚያውቀው ከዚያ ነው። በኮምፒዩተር መሥመር የሚተላለፈውም መልእክት እንደዚሁ ነው። የባንክ ክፍያም ሆነ የዕቃ ትእዛዝ ፓኬት በሚባሉ ትናንሽ ጥቅሎች ተከፋፍሎ ይጓዛል፤ በየጥቅሉም ራስጌ ላይ የላኪውና የተቀባዩ አድራሻ ይገኛል።

በአንድ ሱቅ የክፍያው መሣሪያ ገበያ በደራበት ሰዓት ሥራ ቢያቆም፥ ጥፋቱ የሱቁ ነው ወይስ ከሱቁ ውጭ ያለ ነው የሚል ክርክር መነሣቱ አይቀርም። ይህን ክርክር ሊቈርጥ የሚችለው የፓኬቶቹ መዝገብ ነው። መዝገቡ ብዙውን ጊዜ ፒካፕ በሚባል ፋይል ይቀመጣል። ይህን ፋይል እንደ ሠንጠረዥ እያነበቡ ለጥያቄ መልስ የሚሰጡ ፕሮግራሞች አሉ፤ ከነዚህም አንዱ አፓቼ ድሪል ሲሆን፥ ፒካፕን ማንበብ የጀመረው እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ2017 ዓ.ም. በወጣው 1.11 እትሙ ነው።

ነገር ግን ፕሮግራሙ የሚመልሰው በዓምዶቹ ውስጥ የገባውን ብቻ ነው። ዓምዱ በተሳሳተ መንገድ ከተዘጋጀ፥ ጥያቄው ትክክል ቢሆንም መልሱ ሐሰት ይሆናል፤ ፕሮግራሙም ስሕተት መኖሩን አይናገርም። ስለዚህ ሠንጠረዡን የሚያዘጋጅ ባለሙያ የሚከተሉትን ደንቦች መጠበቅ ይገባዋል፤ ሥራውን የሚያሠራውም ነጋዴ ቢያውቃቸው ይጠቀማል።

አንደኛ፤ ርዝመት በግምት አይያዝም። የአይፒ 4 ራስጌ ቢያንስ 20፥ ቢበዛ 60 ባይት ነው። ትክክለኛው ርዝመት በራስጌው የመጀመሪያ ባይት ላይ ተመልክቷል፤ በዚያ ያለው የርዝመት ቁጥር በ4 ሲባዛ የባይቱን ብዛት ይሰጣል። ዘወትር 20 ነው ብሎ የሚቈጥር ሰው፥ ረዘም ያለ ራስጌ የመጣ ዕለት ሌላውን ነገር የፖርት ቁጥር አድርጎ ይመዘግባል።

ሁለተኛ፤ የባይቶች ተራ ይጠበቅ። ለተጠበቀ የድረ ገጽ ግንኙነት የተመደበው ፖርት 443 ነው። ይህም በሁለት ባይት፥ 1 እና 187 ተብሎ ይጻፋል፤ 1 በ256 ተባዝቶ 187 ሲደመርበት 443 ይሆናል። ተራው ተገልብጦ ከተነበበ ግን 47873 ይሆናል። እንዲህ በተመዘገበ ሠንጠረዥ ላይ 443ን የሚጠይቅ ሰው አንድም ክፍያ አልተሞከረም የሚል መልስ ያገኛል።

ሦስተኛ፤ አድራሻ እንደ ተራ ጽሑፍ ብቻ አይያዝ። በጽሑፍ ተራ ሲደረደር 10.0.0.10 ከ10.0.0.9 ቀድሞ ይመጣል፤ ስለዚህ «ከዚህ አድራሻ እስከዚያ» የሚለው ጥያቄ ይበላሻል። የአይፒ 4 አድራሻ 4 ባይት፥ የአይፒ 6 አድራሻ ግን 16 ባይት ስለ ሆነ፥ ዓምዱ ሁለቱንም እንዲችል ሆኖ ይዘጋጅ።

አራተኛ፤ ባዶና ዜሮ አይቀላቀሉ። መሥመር መኖሩን ለመፈተን የሚላከው የአይሲኤምፒ ፓኬት ከነጭራሹ የፖርት ቁጥር የለውም። ይህ ስፍራ ባዶ ይተው እንጂ ዜሮ አይጻፍበት። ያልተቈጠረ ዕቃ በመጋዘን መዝገብ ላይ ዜሮ ተብሎ ቢጻፍ ዕቃው አልቋል እንደ ማለት ነውና።

አምስተኛ፤ ሁለቱም ርዝመቶች ይመዝገቡ። ፒካፕ ለያንዳንዱ ፓኬት በመሥመሩ ላይ ሲያልፍ የነበረውን ርዝመትና ወደ ፋይሉ የገባውን ርዝመት ለየብቻ ያስቀምጣል። በወረቀት ላይ የተጻፈውን ክብደትና በሚዛን የተገኘውን ክብደት እንደ ማስተያየት ነው። አንዱ ከተተወ የጐደለው ሳይታወቅ ይቀራል።

ስድስተኛ፤ ሰዓት በአንድ አቈጣጠር ይያዝ። የሱቁ ገንዘብ ተቀባይ «መሣሪያው ቀን በ8 ሰዓት ቆመ» ቢል፥ ይህ በግሪንዊች አቈጣጠር 11 ሰዓት ነው። መዝገቡ በግሪንዊች ሰዓት ተይዞ፥ ጠያቂው ሦስት ሰዓቱንና የአገሩን አቈጣጠር ካላሰበ ሌላ ጊዜ መርምሮ ይመለሳል።

እነዚህ ደንቦች ከተጠበቁ ክርክሩ በአጭር ጥያቄ ይለያል። መዝገቡ የተያዘው የሱቁ መሥመር ወደ ውጭ ከሚወጣበት ስፍራ ነው እንበል። በተባለው ሰዓት ወደ 443 ፖርት የግንኙነት ጥያቄ የያዘ ፓኬት ካልወጣ፥ ምርመራው ከሱቁ ውስጥ ይጀመር። ጥያቄው በተደጋጋሚ ወጥቶ ምንም መልስ ካልመጣ፥ ሱቁ የበኩሉን ልኳልና ከመውጫው ወዲያ ያለው መሥመር ወይም ተቀባዩ ይመርመር። የእምቢታ ምልክት ከተመለሰ ደግሞ፥ ጥያቄው ደርሶ የከለከለው ማን እንደ ሆነ ይጣራል።

ለዚህ ዓይነቱ ምርመራ ራስጌው ይበቃል፤ በፓኬቱ ውስጥ ያለው የደንበኛ ጉዳይ በሠንጠረዡ ላይ መውጣት አያስፈልገውም። ዋናው የፒካፕ ፋይል ግን ሳይነካ በጥንቃቄ ይቀመጥ። ሠንጠረዡ የተሳሳተ ሆኖ ቢገኝ እንደገና ሊዘጋጅ የሚችለው ከዚያ ነውና፤ አስተዋይ ነጋዴም ሒሳቡን ከዘጋ በኋላ ደረሰኙን አይጥልም።