ጠገራ ብር ከመግዛታችሁ በፊት

ስቶክሆልም ውስጥ ከአንድ የእሁድ አሮጌ ዕቃ ገበያ የማሪያ ትሬዛ ጠገራ ብር በ400 ክሮና ገዛሁ። የአያቴን የአንገት ጌጥ አስታወሰኝና ሳላመነታ ከፈልኩ። ቤት ስመዝነው 24 ግራም! ደንበኛው 28 ግራም ነው፤ በመዳሰስ ብዛት ትንሽ ሊቀል ይችላል፣ 4 ግራም ግን አይጎድልም።

ማንጠልጠያ ከተበየደበት ሚዛን ብቻ አይበቃም። ማግኔት ከሳበው ተዉት፤ ካልሳበውም ገና ነው፣ ናስም አይሳብም። እኔ አሁን የማምነው ጠርዙን ነው፦ የላቲን ፊደሎቹ ጎላ ብለው ለጣት መሰማት አለባቸው። የእኔው ልሙጥ ነበር። የቀድሞ ነጋዴዎቻችን የንግሥቲቱን የትከሻ ጌጥ ሉሎች ሳይቀር ይመረምሩ ነበር።

«1780» የሚለው የዕድሜ ማስረጃ አይደለም። ንግሥቲቱ በዚያ ዓመት ካረፈች በኋላም ቁጥሩ ሳይለወጥ ሲመታ ስለኖረ፣ እውነተኛው እንኳ የቅርብ ጊዜ ሊሆን ይችላል።